ከሞላ ወደ ቋት፦ የሁለት የአየር ጠመንጃዎች ፊዚክስ

በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ልዩ የጦር መሣሪያ ፈቃድ የአየር ጠመንጃ ሊገዛ ይችላል። ሕጉ የሚያስቀምጠው ዋናው ገደብ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ የሚኖረው ጉልበት ከ12 ፉት-ፓውንድ፣ በእኛ መለኪያ ከ16.3 ጁል ገደማ፣ እንዳይበልጥ ነው። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተወሰነ ሲሆን እስከ ዛሬም አልተለወጠም። (ስኮትላንድ ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ ለአየር ጠመንጃም ፈቃድ ትጠይቃለች።)

በዚያ አገር ዒላማ መተኮስን የሚለማመድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አፈሙዙ በሚታጠፈው ባለ ሞላ ጠመንጃ ነው። አፈሙዙን ወደ ታች ሲያጥፈው ውስጥ ያለው ሞላ ይታመቃል፤ ጥይቱን ያጎርሰዋል፤ አፈሙዙን መልሶ ያቃናዋል፤ ከዚያም ይተኩሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ይህንን ጠመንጃ አስቀምጠው አስቀድሞ የታመቀ አየር ወደሚሞላበት፣ ባለ ቋት ልንለው ወደምንችለው ጠመንጃ ይሸጋገራሉ። አዲሱ ጠመንጃ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ከእርሱም ጋር ልዩ ፓምፕ ወይም የጠላቂ ዋናተኞች ዓይነት የአየር ሲሊንደር ያስፈልጋል። ሕጉ ግን ለሁለቱም የሚፈቅደው ያንኑ 16.3 ጁል ነው። ታዲያ ሰውየው ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ምንድን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ከጠመንጃ ይልቅ የኒውተንንና የቦይልን ሕጎች የሚመለከት በመሆኑ ለፊዚክስ ተማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የአየር ጠመንጃ መጫወቻ አይደለም። ግማሽ ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ ጥይት በ16 ጁል ጉልበት ዓይን ያጠፋል፤ ከቅርብ ርቀት ሲተኮስም ሰው ሊገድል ይችላል።

ሞላው የሚሠራው ሥራ

ብዙ ሰው ባለ ሞላ ጠመንጃ ጥይቱን የሚገፋው ሞላው ራሱ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሞላው የሚገፋው ፒስተን ነው፤ ፒስተኑ ደግሞ ከፊቱ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ተራ አየር ያምቃል፤ ጥይቱን የሚገፋው ይህ የታመቀ አየር ነው።

በቁጥር እንመልከተው። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 25 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 80 ሚሊሜትር ቢሆን በውስጡ ያለው አየር ይዘት 39 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑ ይህንን ርቀት ከመቶ አንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል። አየሩ በዚህ ፍጥነት ሲታመቅ ሙቀቱ ወደ ብረቱ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም፤ ፊዚክስ አዲያባቲክ የሚለው ለውጥ ይህ ነው። ግፊቱ ከአንድ ባር ተነሥቶ 80 ባር ቢደርስ፣ የአየሩ ይዘት ወደ 1.7 ሚሊ ሊትር ይወርዳል፤ የሙቀት መጠኑም በስሌቱ መሠረት ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሆናል። ይህ የሚቆየው ለሺህኛ ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ ተኳሹ ምንም አይሰማውም።

ካንዴላ የሌለው የዲዝል ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በዚሁ መንገድ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ጠመንጃውም ቢሆን ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ከበዛ ያንን ዘይት ያቃጥላል፤ ጭስ ይወጣል፤ ድምፁም ይጮኻል። ጄራልድ ካርዱና ልጁ ማይክ ካርዱ የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለዚህ ቆንጆ ሙከራ አድርገዋል። ጠመንጃውን ኦክስጅን በሌለበት የናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ አድርገው ሲተኩሱ የጥይቱ ፍጥነት በጉልህ ቀነሰ። በትክክል የተዘጋጀ ባለ ሞላ ጠመንጃ እንኳ ከጉልበቱ የተወሰነውን የሚያገኘው ከጥቂት የዘይት ብናኝ ቃጠሎ ነው ማለት ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ በቀላልነቱ የሚደነቀው ይህ ነው።

ሁለት ጊዜ የሚራገጥ ጠመንጃ

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። ፒስተኑ ከግማሽ ሞላው ጋር ሲመዘን 350 ግራም ገደማ ነው እንበል፤ ጠመንጃው ደግሞ 3.5 ኪሎ ግራም። ፒስተኑ 80 ሚሊሜትር ወደ ፊት ሲሄድ፣ ከውጭ የሚይዘው ኃይል ከሌለ፣ የሁለቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ባለበት መቆየት ስላለበት ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ስሌቱ አጭር ነው፤ 80 ሚሊሜትር ሲባዛ 0.35 ሲካፈል ለ3.85፣ ይህም 7 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል።

ጥይቱ በዚህ ጊዜ የት ነው? ገና ከጎሬው አልተንቀሳቀሰም። የአየሩ ግፊት ጥይቱን ለማላቀቅ የሚበቃው ፒስተኑ የጉዞው መጨረሻ ሲደርስ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ደግሞ ፒስተኑ ከታመቀው አየር ጋር ተጋጭቶ ይቆማል፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ይነጥራል። ወደ ኋላ ሲሸሽ የነበረው ጠመንጃ በድንገት ወደ ፊት ይገፋል። ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ የሚጓዘው እንግዲህ ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎም ወደ ፊት በሚራገጥበት ወቅት ነው።

ከዚህ የሚመጣው ውጤት ለጀማሪ ግራ ያጋባል። ከባሩድ ጠመንጃ የለመደ ሰው ሰደፉን ወደ ትከሻው አጥብቆ ይይዛል። ባለ ሞላውን እንዲህ ቢይዘው ጥይቶቹ ተበታትነው ያርፋሉ። ልምድ ያላቸው ተኳሾች ጠመንጃውን በግራ እጃቸው መዳፍ ላይ አሳርፈው፣ ሳይጨብጡ፣ እንደ ልቡ እንዲራገጥ ይተዉታል። ርግጫውን ማስቆም አይቻልም፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ግን ይቻላል። ጉንጭ ትንሽ ቢጫን፣ እጅ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ቢሄድ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ያርፋል። ለባሩድ ጠመንጃ የተሠሩ አንዳንድ የማነጣጠሪያ መነጽሮችም ባለ ሞላ ላይ ሲገጠሙ የሚሰበሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የውስጥ ሌንሶቻቸው የተሠሩት ወደ ኋላ የሚመጣን ምት እንዲችሉ እንጂ ወደ ፊት የሚወረውራቸውን አይደለም።

የጀርመኑ ፋይንቬርክባው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባወጣው ሞዴል 150 ለዚህ መፍትሔ አግኝቶ ነበር። በምላጩ መሳብ የጠመንጃው ብረታማ ክፍል ከሰደፉ ተላቆ በሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ርግጫው ትከሻ ላይ አይደርስም። ዲያና የተባለው ሌላው የጀርመን ኩባንያ ደግሞ ሁለት ፒስተኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲሮጡና አንዱ የሌላውን ምት እንዲያጠፋ አደረገ። ሁለቱም የሚያስደንቁ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ውስብስብና ውድ ነበሩ።

ቋቱ

አየሩን በተኩሱ ቅጽበት ከማመቅ ይልቅ አስቀድሞ አምቆ ማስቀመጥ የሚለው ሐሳብ ከባለ ሞላው ቀድሞ የነበረ ነው። ባርቶሎሜዎ ጂራንዶኒ የተባለ ሰው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የሠራው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. ከ1780 ገደማ ጀምሮ በኦስትሪያ ጦር ውስጥ አገልግሏል። ሰደፉ ራሱ የአየር ቋት ነበር። 20 ያህል ጥይቶች በአንድ ጊዜ ይጎርሳል። ነገር ግን አንዱን ቋት ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል በእጅ ፓምፕ መግፋት ያስፈልግ ነበር፤ የቆዳ ማሸጊያዎቹም ከደረቁ አየር ያስወጣሉ። ሉዊስና ክላርክ እ.ኤ.አ. ከ1803 እስከ 1806 ወደ ምዕራብ አሜሪካ ባደረጉት ጉዞ ይዘውት የነበረው የአየር ጠመንጃም የዚሁ ዓይነት እንደነበረ ይታመናል። በጉዞው መጀመሪያ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1803፣ ሉዊስ ለጎብኚዎች ሲያሳይ ከእነርሱ አንዱ ሳያስበው ተኩሶ 40 ሜትር ገደማ ርቃ የቆመችን ሴት ጭንቅላቷን ጭሮ አቁስሏታል። ሴትዮዋ ወደቀች፤ ሞተች ተብሎም ተደነገጠ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ቁስሉ የሚያሠጋ አልነበረም።

የዛሬው ባለ ቋት ጠመንጃ ከአፈሙዙ ሥር 200 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ቱቦ አለው፤ በውስጡም አየሩ 200 ባር፣ በአንዳንዶቹም እስከ 300 ባር ይታመቃል። የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር፣ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ደግሞ 8 ባር ገደማ መሆኑን ስናስታውስ ልዩነቱ ይገባናል። ምላጩ ሲሳብ ትንሽ መዶሻ ተለቅቃ የቫልቩን ዘንግ ትመታለች፤ ቫልቩ ለአንድ ወይም ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ያህል ይከፈትና አየሩ ከጥይቱ ኋላ ይገባል፤ ከዚያም የቋቱ ግፊት ራሱ መልሶ ይዘጋዋል።

እዚህ ላይ 350 ግራም የሚመዝን፣ 80 ሚሊሜትር የሚሮጥ ፒስተን የለም። ወደ ፊት የሚሄደው ከ0.55 ግራም ጥይትና ከዚያ ከማይበልጥ አየር ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያንኑ የክብደት ማዕከል ስሌት ብንደግመው፣ ጥይቱ 40 ሴንቲሜትር አፈሙዝ አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚሄደው ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር አይበልጥም። 7 ሚሊሜትርና 0.1 ሚሊሜትር፤ ሰውየው የገዛው ይህንን ልዩነት ነው። የጥይቱ ጉልበት አልጨመረም፤ ፍጥነቱም ያው በሰከንድ 240 ሜትር ገደማ ነው። የቀረው ርግጫው ነው።

ይህ ልዩነት በውድድር ሜዳ ወዲያው ታየ። ከብረት የተቆረጡ የእንስሳት ቅርጾችን እስከ 50 ሜትር ርቀት እየመቱ መጣል እ.ኤ.አ. በ1980 በእንግሊዝ ሱሴክስ የተጀመረ ስፖርት ነው። በመጀመሪያ ሁሉም በባለ ሞላ ይወዳደር ነበር። ባለ ቋቶቹ ከመጡ በኋላ ሚዛኑ አዘነበለ፤ ዛሬ በዓለም ሻምፒዮናው ባለ ፒስተኖቹ ለብቻቸው ይወዳደራሉ። በኦሊምፒክም የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ሲጀመር የታመቀ አየር ገና የበላይነት አልያዘም ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ዓይነት ማየት ያስቸግራል። የዒላማው እምብርት ግማሽ ሚሊሜትር ስፋት ብቻ ስላለው ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልግም።

ማን ይቆጥባል?

ስለ ባለ ቋቱ ከተነገረው ሁሉ አንባቢ አዲሱ መሣሪያ በሁሉም ረገድ የተሻለ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። በጉልበት አጠቃቀም ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ባለ ሞላውን ስናጥፍ 45 ጁል ገደማ እናስቀምጥበታለን፤ ጥይቱ ከዚህ 16 ጁል ይወስዳል፤ ይህ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ነው። ባለ ቋቱ ግፊቱ ከ200 ወደ 100 ባር እስኪወርድ 60 ጊዜ ቢተኩስ በጥይቶቹ የሚወጣው 960 ጁል ነው። በዚያ የግፊት ልዩነት ውስጥ የነበረው፣ አየሩ ቀስ ብሎ ሙቀቱን ጠብቆ ቢለጠጥ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ግን 10,000 ጁል ገደማ ነበር። ጥይቱ ያገኘው አንድ አሥረኛውን ነው። የቀረው በአፈሙዙ ጫፍ እንደ ድምፅና እንደ ነፋስ ይባክናል። ፓምፑ በግለት ያጠፋው ገና አልተቆጠረም።

ቋቱ ምን ያህል ጉልበት እንደተሸከመ ማወቅ ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው። 200 ሚሊ ሊትር አየር በ200 ባር ላይ ሳለ ቱቦው በድንገት ቢፈነዳ የሚለቀቀው 7,000 ጁል ገደማ ነው። ይህ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጉልበት ጋር እኩል ነው፤ ተኳሹ ደግሞ ይህንን ከጉንጩ ሥር ይዞታል። ስለዚህ ቋቱን መብሳት፣ መበየድ፣ ከተጻፈበት በላይ መሙላት ወይም ግፊት እያለበት መፍታት ከድፍረት አልፎ እብደት ነው። በኦክስጅን ሲሊንደር መሙላትም እንዲሁ። በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን ውስጥ ጥቂት ቅባት እንኳ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ ቅድም ያየነው የዲዝል ነገር እዚህ በጠላትነት ይመጣል።

ውኃውስ? ይህንን ብዙዎች አያስቡትም። ቋቱን ለመሙላት 40 ሊትር ተራ አየር ያስፈልጋል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው የውኃ እንፋሎት 23 ግራም ነው፤ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ቢሆን በ40 ሊትሩ ውስጥ ከግማሽ ግራም በላይ ውኃ አለ። አየሩ ሲታመቅ ግን እንፋሎት የመያዝ ችሎታው በይዘቱ እንጂ በግፊቱ አይወሰንም፤ 200 ሚሊ ሊትር ውስጥ በእንፋሎትነት መቆየት የሚችለው ከ5 ሺህኛ ግራም ያነሰ ነው። ቀሪው በሙሉ ጠብታ ይሆናል። የሚያደርቅ ማጣሪያ የሌለው ፓምፕ በየሙሌቱ ከፊሉን ወደ ቱቦው ያስገባል፤ ብረቱም ከውስጥ፣ በማይታይበት ቦታ፣ ይዝጋል።

ፈጥኖ መሙላትም ያታልላል። አየሩ ሲገባ ቋቱ ግሎ 50 ዲግሪ ቢደርስና ጌጁ 200 ባር ቢያሳይ፣ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ወደ 181 ባር ይወርዳል። አየር ያፈሰሰ ነገር የለም፤ የጋዝ ሕግ ነው።

ግፊት ሲበዛ ለምን ይደክማል?

ባለ ቋት ጠመንጃ የሚያሳየው አንድ ባሕርይ ለተማሪ ጥሩ እንቆቅልሽ ይሆናል። ከተገቢው በላይ ሲሞላ ጥይቱ ፈጣን መሆኑ ቀርቶ ዘገምተኛ ይሆናል። ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው የቋቱ ግፊት መሆኑን ካስታወስን መልሱ ቅርብ ነው። ግፊቱ ሲበዛ መዶሻዋ ቫልቩን የምትከፍተው ለአጭር ጊዜና በትንሹ ነው፤ የሚያልፈውም አየር ያንሳል። ግፊቱ እየቀነሰ ሲሄድ ቫልቩ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ ተጽዕኖዎች እየተጣጡ ፍጥነቱ እኩል ይቆያል፤ በመጨረሻም አየሩ እየደከመ ይወርዳል። ጥሩ ተኳሽ ጠመንጃውን የሚሞላው እስከዚያ እኩል ስፍራ መጀመሪያ ብቻ ነው። በውድ ጠመንጃዎች ላይ ይህንን የሚያስቀር የግፊት መቆጣጠሪያ አለ፤ ከቋቱ ወደ ቫልቩ የሚደርሰውን አየር ሁልጊዜ በአንድ ግፊት ይሰጣል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ሰውን እስር ቤት ሊያደርስ ይችላል። ባለ ሞላ ጠመንጃ በአብዛኛው ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጠው ለቀላል ጥይት ነው፤ ከባድ ጥይት ሲጎርስ ጥይቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ፒስተኑ ነጥሮ ጉልበቱ ይባክናል። ባለ ቋቱ ግን በተቃራኒው ለከባድ ጥይት የበለጠ ይሰጣል፤ ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ ስለሚዘገይ አየሩ ረዘም ላለ ጊዜ ይገፋዋል። እንግዲህ አንድ ሰው ባለ ቋት ጠመንጃውን በቀላል ጥይት ለክቶ 15.8 ጁል ቢያገኝና ሕጋዊ ነኝ ብሎ ከባድ ጥይት ቢገዛ፣ ምንም ሳይነካካው ከ16.3 ጁል ሊያልፍ ይችላል። በእንግሊዝ ሕግ ያ ጠመንጃ ከዚያ በኋላ ፈቃድ የሚያስፈልገው የጦር መሣሪያ ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዙም እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። ከሞላ ወደ ቋት የተሸጋገረ ሰው አሮጌ ልማዱን ይዞ ሲሄድ የሚገጥመው አደጋ ይህ ነው።

በአዲስ አበባ ከፍታ

ሁለቱን ጠመንጃዎች ወደ አዲስ አበባ ብናመጣቸው ፊዚክሱ እንዴት ይለወጣል? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባለ ሞላው የሚያምቀው በዙሪያው ያለውን አየር በመሆኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚያገኘው ሩብ ያህል ያነሰ አየር ነው፤ ፒስተኑ የሚያርፍበት የአየር ትራስ ይሳሳል፤ ምቱ ይጠነክራል፤ ጥይቱም ይዘገያል። በለንደን በጥንቃቄ የተስተካከለ ጠመንጃ እዚህ ሌላ ጠባይ ያሳያል።

ለባለ ቋቱ ግን 200 ባር እዚህም 200 ባር ነው። ቅጣቱን የሚከፍለው ፓምፕ የሚገፋው ሰው ነው፤ በባሕር ጠረፍ 40 ሊትር የነበረው አየር እዚህ 53 ሊትር ይሆንበታል። በልዋጩ ጥይቱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ በተመሳሳይ የሙቀት መጠን በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ፍጥነቱን ረዘም ላለ ርቀት ይዞ ይቆያል። እንደ እንፋሎቱ ስሌት ሁሉ ይህም በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራ የሚችል ጥያቄ ነው፤ ጠመንጃ አያስፈልገውም።

በዓለም አቀፍ የ10 ሜትር ውድድሮች ላይ የአየር ቋቱ የአገልግሎት ዘመን ያላለፈበት መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት የተወዳዳሪው ነው። ቀኑ ቋቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ በብዙዎቹም ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 10 ዓመት ነው። አሮጌው ባለ ሞላ ጠመንጃ እንዲህ ያለ ቀን የለበትም፤ ሞላው ሲደክም ወይም የፒስተኑ ማሸጊያ ሲያልቅ ይቀየርለትና ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ይኖራል።